ዋጋው የሚጸናበት ቀን

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከዚራ ገና ሳይግል፣
የኒሙ ጥላ ከደጃፋችን ሳይሸሽ፣ ሳይጎድል፣
ኮምፒውተሬን ከፈትኩና የማላውቀው ፊት ጠበቀኝ፤
«እንኳን ወደ አዲሱ ሥርዓት መጡ» ብሎ ተቀበለኝ።
እኔ የትም አልመጣሁም።
ያው ወንበሬ ላይ ነኝ፣ እግሩን በካርቶን የደገፍኩት፣
ያው ቬንትሌተር ከራሴ በላይ ይንገጫገጫል፤
ቤቱ ነው እኔን ትቶ የሄደው።

የዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሦስት መስመር ነበር፦
አሮጌው ዓርብ ማታ ይዘጋል።
መረጃው ሁሉ ይዛወራል።
ለትብብራችሁ እናመሰግናለን።
(ማን ተባበረ? ማን ጠየቀን?)

ተዛወረ ያሉት ፕሮፎርማ
ከፕሪንተሩ ወጣ እየተንቀረፈፈ፤
ርዕሱ ማህተሙ ላይ ወድቆ፣
ቫቱ ከስልክ ቁጥሩ ተቃቅፎ፣
«በፊደል» ከሚለው ቀጥሎ
የብሩ ቃል ሁሉ ሳጥን ሆኖ፣
ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣
እንደ ታይዋን ገበያ ሱቆች በበዓል ቀን
በመደዳ የተዘጋ፣
አንድም ፊደል የሌለበት የአርባ ምናምን ሺህ ብር ዋጋ።

ያንን ቅጽ የሠራው ነስረዲን ነው።
ከሰዓት፣ ከተማው በሙቀት ሲተኛ፣
እሱ ጉንጩን ወጥሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣
አንዷን መስመር ሲገፋ፣ ሲስብ፣ ሲመልስ፣
ምርቃናውን በሙሉ ሠንጠረዡ ላይ ሲያፈስ
ሰባት ዓመት።
ለሶማልኛው በሶማልኛ፣ ለኦሮምኛው በኦሮምኛ፣
ለመንግሥት ቤት ሦስት ቅጂ፣ ከነፊርማው መደዳ፤
ከግርጌ ደግሞ፣ በአጉሊ መነጽር በሚነበብ ፊደል፦
«ይህ ዋጋ የሚጸናው ለአሥራ አምስት ቀን ነው። ሙቀቱ ግን አያልቅም።»
አንድም ደንበኛ አልተቆጣ።
አንድ ኦዲተር አየው፤ ስቆ ፈረመ።

ረፋዱ ላይ ከመልካ ጀብዱ አዴ ሙሚና መጡ፣
ለማህበራቸው የውሃ ፓምፕ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ዋጋ ሊጠይቁ።
ማንበብ አይችሉም፤ ቅጹን ግን ያውቁታል፤
«ዋጋው ከታች በቀኝ፣ ደማቁ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል»
ብሏቸው ነበር ነስረዲን፣ ጣታቸውን ይዞ፣ አንድ ቀን።
ጣታቸው ወደዚያ ጥግ ሄደ፣ ወደለመደው።
ባዶ ነው።
ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባውንም አዩት፤
«ዋጋው የታል ልጄ? ቀንሳችሁ ቀንሳችሁ ጨረሳችሁት?»

ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄ አሳፈረኝ።
አዲስ አበባ ደወልኩ። አንድ ልጅ አነሳ፣
«ወረፋ ላይ ነሽ» አለኝ፣ «ሰባ ስምንተኛ።
ያ የድሮ ቅጽ ከእንግዲህ አይደገፍም።»
አይደገፍም!
የወንበሬን እግር አየሁት።
ካርቶኑን አየሁት።

አልመለስኩለትም። ከመሳቢያ ማስመሪያ አወጣሁ፣
ሰማያዊ እስክሪብቶ፤
ከታች በቀኝ፣ ጣታቸው ባረፈበት፣ አራት መስመር፣
ውስጡ ቁጥሩን፣ ከቁጥሩ ሥር በፊደል፦
አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ከዜሮ ሳንቲም።
እጄ «ሺ»ን መጻፍ ረስቶ ነበር፤ እግሯ ጠመመ።
ማህተሙን ሳጥኑ ጫፍ ላይ መታሁት።
አዴ ሙሚና ዳር ዳሩን ዳሰሱ፤
ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ፤
ወረቀቱን አጥፈው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት፣
ባጃጅ ጠሩ።

ማታ ለነስረዲን ፎቶ ላክሁለት፤ ጅቡቲ ወደብ ነው አሁን።
የባዶ ሳጥኖቹን ረድፍ አይቶ
አንድ ቃል ብቻ መለሰ፦ «ቀልዱስ?»

ማክሰኞ ሠላሳ አንድ ፕሮፎርማ።
ሠላሳ አንድ ሳጥን በማስመሪያ፣
መሃል ጣቴ ላይ እንደ ተማሪ ቤት ዘመን ጉብታ።
«የሚጸናበት» የሚለው ቦታ ከቁጥር በቀር አይቀበልም፤
አሥራ አምስት ብዬ ሞላሁ።
ከዚያ ከወረቀቱ ግርጌ፣ ማሽኑ በማያየው ነጭ ቦታ፣
በእጄ፣ በምችለው ትንሹ ፊደል፦
ሙቀቱ ግን አያልቅም።