አንድ ቁልፍ ለሁለቱ

ውሌ ላይ አልተጻፈም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤
ማጠብና መተኮስ እንጂ፣ ይኼኛው የለበትም።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ፣
ኡም ፈላህ ጥርሷን አውልቃ፣ ሶፋው ላይ ስትወድቅ፣
«ያላ» ትለኛለች፤ ሪሞቱን እይዛለሁ፣
አንድ ጆሮ ለእሷ፣ አንድ ጆሮ ለፎቁ፣ ከፍዬ እቀመጣለሁ።

ፎቁ ላይ ሕፃን አለ፣ ጥርስ የሚያበቅል፤
አጠገቡም ማዳም፣ እንቅልፏ በክር የተንጠለጠለ የሚመስል።

ፊልሙን የሠራው ሰው፣ ጎረቤት የለውም?
ሲዋደዱ ድምፃቸው፣ ከትንኝ አይበልጥም፤
ሲጣሉ ግን ጣራው፣ ቦታው ላይ አይቆምም።
ቃሉን ከሥር ቢጽፉት፣ ለማን ሊነበብ ነው?
ኡም ፈላህ ዓይኗ ደክሟል፣ የኔም ፊደል ሌላ ነው።
«ሽጉል?» ትላለች። ምን አለ ማለቷ ነው።
ሠላሳ አደርገዋለሁ። «ሽጉል?» አርባ አምስት ነው።
ልጁ ለልጅቷ፣ የሆነ ነገር ይላል፤
ከንፈሩ ይታያል፣ ቃሉ ኤሲው ውስጥ ይቀራል።
ስልሳ።
ያኔ ነው መኪናው የሚጋየው።
የጣራው ክሪስታል፣ ብርድ እንደያዘው ጥርስ ሲንቀጫቀጭ፣
ሕፃኑ እሪ! ሲል፣ ደረጃው ላይ የማዳም ጫማ፣ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…

አውራ ጣቴ እንግዲህ፣ የተማረው እንዲህ ነው።
ሙዚቃው ሲሳሳ፣ ሰውየው ዞር ሲል፣
ቧንቧው ጠብ… ጠብ… ሲል፣ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝቅ!
እሳቱ ያለ ድምፅ፣ ግድግዳው ላይ ሲቦርቅ፣
እኔ የሹክሹክታ ዘበኛ፣ እንደገና ከፍ፣ እንደገና ዝቅ።
ዓረብኛዬም ከዚሁ ነው፣ ከሹክሹክታ ለቅሜ፤
«እወድሻለሁ»ን አውቃለሁ፣ «ከኋላህ!»ን አውቃለሁ፣
የሽንኩርት ዋጋ ስጠየቅ ነው መድከሜ።

ማዳም አንድ ቀን ገርሟት፣ «አይተሽዋል ወይ ፊልሙን?»
አላየሁትም። ዝምታ ሲረዝም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን፣
ጀህራ ነው የተማርኩት፣ ከመጀመሪያው ቤት፤
እዚያ የሚጮኸው ሰው፣ ሪሞት ያልተሠራለት።
ስለዚያ ቤት ይበቃል።

ዓርብ ዓርብ እናቴ ትደውላለች፣ ከወፍጮ ቤቱ በር፤
ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ እሷ ስትናገር፣
«ስሚኝማ ልጄ» ትላለች፤ የቀረው ወሬዋ ዱቄት።
ወፍጮውን ብቀንሰው፣ እናቴም ትቀንሳለች፤
እናቴን ብጨምራት፣ ወፍጮውን ይዛ ትመጣለች።
ሳልሚያ ስልክ የሚጠግነውን ልጅ፣ «ለየብቻ ማድረጊያ የለውም?» ብለው፣
«አንድ ቁልፍ ነው ለሁለቱ» አለኝ፤ ዓይኑን እንኳ ከብየዳው ሳያነሳው።

ትናንት ግን ፊልሙ ሆስፒታል ነበር። ሽማግሌ ተኝቶ፣
ልጁ ጆሮውን ከአፉ፣ አስጠግቶ አስጠግቶ፤
የመጨረሻው ቃል ነው፣ ይህን ማንም ያውቃል፤
ስልሳ አልኩት፣ ሰባ አልኩት፤ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል።
«ሽጉል?»
እኔም አልሰማሁም። ዝም ማለት ግን ከብዶኝ፣
በስብርባሪ ዓረብኛዬ፣ «አለው፦ ይቅር በለኝ።»
ራሷን ነቀነቀች። «የለም፣ የለም፤ ማይ ነው ያለው።
አራት ሰው ይዤ ሸኝቻለሁ፤ ሁሉም ማይ ነው የሚለው።»

ማይ። አባቴ ዳዊት ሲደግም፣ በግእዝ የሚላት ማይ።
ስንት ዓመት ስቀዳላት፣ ትናንት ብቻ ሰማኋት፤
ለእሱ ይሁን ለእሷ፣ ቆሜም አልጠየቅኋት፣
ብድግ አልኩ ወደ ማድቤት። ሪሞቱ ሶፋው ላይ።

ብርጭቆው ሳይሞላ፣
ሰባው ፈነዳ።
ክሪስታሉ፣ ሕፃኑ፣ ደረጃው፣ የማዳም ጫማ፣
የውሃውን ግማሽ ምንጣፉ ላይ ደፍቼ ስደርስ በጨለማ፣
ኡም ፈላህ ያለ ጥርሷ፣ ድዷ እስኪታይ ትስቃለች፤
«ይቺንስ ሰማኋት» አለች።