ምት ቆጠራ

በረዶው ለቀቀ፤ ኤድመንተን ግንቦት ገባ፤
ሣሩ ገና ቢጫ፣ ዛፉም አላበባ፤
ዝዮቹ ከደቡብ ቀድመውን ተመልሰው
ሜዳውን ይዘዋል በኩሳቸው ለውሰው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሣሁ፤
ሦስቱን ክኒን ዋጥኩ፤ የግራ ጓንቴን አጣሁ።
ስንዱ ካልጋ ሳትወርድ «ወዴት ነው?» አለች፣
እያወቀች።
«ወደ ጉድጓድ» አልኳት።
ትራስ ወረወረች።

ቋንቋችን ነው እንጂ እኔ ምን ላድርገው፤
ለጨዋታውም፣ ለዚያም ለመጨረሻው፣
አንድ ቃል ነው ያለው።

ኦረስት ቀድሞኛል፤ የድሮ ቧንቧ ሠሪ፤
ኩሬው ኳሱን በዋጠ ቁጥር በእናቱ ቋንቋ ተማራሪ።
ዘርጋውም የታክሲው ሞተር ሳይበርድ ደረሰ፤
ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ፣ እንቅልፉን በሻይ አድበሰበሰ።
«የገና ዱላ ነው?» ብሎ የሳቀብኝ እሱ ነበር መጀመሪያ፤
ዛሬ የሚስቱ ሻሽ ሆኗል የዱላዎቹ መወልወያ።

የጎልፍ ሕጉ አጭር ነው፦ ምትህን አሳንስ፤
በአራት የሚያልቀውን በሰባት አትጨርስ።
ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስማር ኖርኩ፤
ምት መቀነስን እንደ ጽድቅ ቆጠርኩ።

አምና በመስከረም፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ፣
ልቤ ሕጉን ሰምቶ ኖሯል ከእኔ በላይ፤
ምቱን ቀነሰ።
አንድ።
ቆይቶ፣ አንድ።
ከዚያ ዝም።
ሰማዩ ዘመመ፤
ሣሩ ጉንጬን ሳመ።

ዘርጋው እንደሚለው፣ እኔ ስወድቅ ኳሴ ገና አልቆመም፤
ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ ከከንፈሩ ጫፍ ደረሰ፣
ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ አየ፤
አልገባም።
እኔም አልገባሁም።

ዶክተር ኒርማላ ከትከሻዬ ሥር ቆዳዬን ከፍታ
የክብሪት ቀፎ የምታህል ሰዓት ቀበረች።
«ክንድህን ስድስት ሳምንት ከፍ እንዳታደርግ» አለች፤
«ጥያቄ ካለህ?»
«መቼ ነው የምጫወተው?»
ስንዱ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ክረምቱን ምድር ቤት፣ ምንጣፍ ላይ፣ ኳሷን እየገፋሁ
ወደ ተጋደመ የሻይ ብርጭቆ፤ ስንቱን ብርጭቆ ፈጀሁ።

የካቲት ላይ አሪዞና። የኤርፖርቱ ፍተሻ
ዱላዎቼን አሳለፈ፣ አሥራ አራት ብረት ተጠቅልሎ፤
ልቤ ግን ተያዘ፣ በአንዲት ብረት ተወንጅሎ።
ጓንት ያጠለቀ ልጅ ደረቴን ዳሰሰ፤
ቀጥሎ ያለው መኮንን ፓስፖርቴን ገልጦ
«ለመዝናናት ነው ለሕክምና?» አለኝ።
ልዩነቱ ጠፋኝ።

ስንዱ አብራኝ ሄደች፤ «ለጥበቃ ነው» ብላ፤
ያን ሁሉ ዓመት የናቀችው ሜዳ ላይ ጋሪ ነዳች፣ ያውም በፍጥነት፣
ቁልቋሉን ታክካ፣ «ከእባብ ተጠንቀቅ» የሚለውን ሰሌዳ ጥላ።
አንድ ቀን ዱላዬን ቀምታኝ መታች፤
ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ገባች።
ሦስት ቀን አላናገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን የምትይዘው እሷ ሆነች፤
በግራ በኩል የኳሴን ምት፣
በቀኝ በኩል፣ አንጓዬን ጨብጣ፣ የልቤን ምት ጻፈች።
ግራው ሲያንስ ዝም አለች፤
ቀኙ ሲያንስ ጋሪውን አቆመች።

ይኸው ዛሬ ደግሞ፣ ሰባተኛው ላይ ደረስን።
ኦረስት ሳላየው መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ፤
ዘርጋው «እዚህ መተኛት ክልክል ነው» ብሎ ሳቀ።
ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር ይላል የኛ ሰው፤
ይህስ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር አይሞላም፣ ግን ስንቱን አመላለሰው።

መታሁ። አለፈው።
ተመልሼ መታሁ። ዞሮት ወጣ።
ዝይዋ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።
ደግሜ መታሁ፤ እጄ ሳይንቀጠቀጥ፤
በመጨረሻ ገባ፣ ያችን የታወቀች ድምፅ አሰምቶ፣ ቋ።

ኦረስት «አምስት በለውና እንለፍ» አለ፤ ሰው አዝኖ።
ዛሬ ማታ ወረቀቱን የምታነበው አለችኝ፤
እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ፤
ሰባት ምት ጻፍኩ፤
አንዱንም አልቀነስኩ።