ስንት ሰዓት ነበር?

«ስንት ሰዓት ነበር?» ሐኪሟ ጠየቀች፣
«ደህና ሆኖ ያየኸው?» ዓይኔ ላይ አፈጠጠች።
እኔ ሰዓት የት አውቄ!
የዘጌው ጀልባ ከባሕር ዳር ገመዱን ሲፈታ፣
የምንይችል ቀኝ እጅ መረቡ ላይ ተረታ፤
ስሜን ሊጠራ ሲል አፉ ተንጋደደ፣
መቅዘፊያው አምልጦት በውሃው ላይ ሄደ።
አቅፌው በባጃጅ፣ ጭቃችን እንዳለ።

«ከአንድ ሰዓት ወዲህ…» ቆጠረች በጣቷ፤
«ደርሳችኋል» ብላ ገባች ከነጓንቷ።

ከብሽሽቱ ሽቅብ ቀጭን ሽቦ ገባ፣
እምቦጭ መሀል ቀስ እያለ እንደሚያልፍ ጀልባ፣
የረጋው ደም ድረስ።
እምቦጭ ስንነቅልም ጭንቃችን ይኸው ነው፦ መሀል እንዳይበጠስ፤
ቁራጩ ካመለጠ ሌላ ቦይ ይዘጋል።
በሩ ሥር ቆሜያለሁ፤
እጄ ሳላዝዘው አብሯቸው ይስባል።

ማምሻውን ተናገረ፤ ቃሉ ጎልደፍ ቢልም፦
«መረቡስ?»
ለጣና ትቼዋለሁ። ገና አልነገርኩትም።