እጅ መንሻ

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ የቢሮውን ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤
አንገቴ በቀኝ በኩል፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ፣ በዞርኩ ቁጥር ይጮኻል።
መስኮት አራት፤ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፤
በፌስታል የጠቀለለችውን ፋይል ታቅፋ ገባች አንዲት ሴት፣
ጫማዋ ላይ የአዌቱ ዳር ጭቃ ገና ሳይደርቅላት።
«ስም?»
«ዚያዳ አባ ጊዲ።»
«የሥራ ዓይነት?»
«ማሸት።»

ማሸትን ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለግሁት፤ የለም።
ወፍጮ አለ፣ የባጃጅ ጥገና አለ፣ የማርና የሰም
ንግድ አለ፤ ፀጉር አለ፣ ጥፍር አለ፣ የጥፍር ቀለም፤
ሰው የሰውን ጅማት በእጁ የሚፈታበት ኮድ ግን የለም።
ደግሜ ስወርድ፣ «የሰውነት እንክብካቤ» ከሚለው ሥር፣
ከሳውና በታች፣ ከጂም በላይ፣ ተሸጉጦ አገኘሁት፤
ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር።

ከዚያ መመሪያውን አነበብኩላት፣ ቀና ሳልል፦
ለወንድ ለብቻው፣ ለሴት ለብቻው፣ አንድ አንድ ክፍል፤
በሩ ከውስጥ የማይቆለፍ፤ ፎጣው
ለአንድ ሰው አንዴ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ነው ዕጣው፤
በየስድስት ወሩ ምርመራ፤ ከምሽት ሦስት ሰዓት ወዲያ እንግዳ አለመቀበል፤
የሙያ ማረጋገጫ፣ ዋናውና ኮፒው፣ ማኅተሙ ጎላ የሚል።

«ማረጋገጫውን ከማን ነው የማመጣው?»
«ካስተማረሽ ተቋም ነዋ፤ ሌላ ማን ነው የሚሰጠው?»
«ያስተማረኝ አባቴ ነው። ወጌሻ ነበር። ጅሬን ዳገት ላይ ነው መቃብሩ።
ከሞተር የወደቀ፣ ከዛፍ የተጣለ፣ በቃሬዛ ሲያመጡለት ከየመንደሩ፣
ትከሻው ቤቱ ሲገባ ‹ቀጭ› ይል ነበር።
ማኅተሙ ያ ነበር።»

ከኋላዋ፣ ተራ አሥራ ስምንት፣ ብሎኬት አምራቹ ሳቀ።
«ማሳጅ!» አለ፤ ቃሉን በጥርሱ መሃል አሽቶ አደቀቀ።
እሷ አልዞረችም። «በሩ አይቆለፍ ያላችሁትን
እወደዋለሁ» አለችኝ። «አምና የተከራየሁት
ቤት መቀርቀሪያ ነበረው። አንዱ ገባና ሸጎረው።»
ከዚያ ዝም። ስለ ሰውየውም ስለ መቀርቀሪያውም
ሌላ ቃል አልወጣትም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤
ቅጹ ላይ ለዚህ የተተወ መስመር የለም።
ከኋላዋ ያለው ሳቁን ዋጠ፣ ወይም እኔ አልሰማሁም።

«አንገትህን ይዞሃል» አለች ቆይታ፤ «ሁለት ደቂቃ ብቻ።»
እጇን አነሳች፤ አጫጭር ጣቶች፣ ሰፊ መዳፍ፣
ጥፍሯ እስከ ሥጋው የተከረከመ።
ግድግዳው ላይ የጉቦ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤
አንድ ጥጉ በእርጥበት ተልጧል።
ባዶ ነበር እጇ፤ ግን ባዶ እጅም ሲነሳ፣
እዚህ ወንበር ላይ ለተቀመጠ፣ ራሱን የቻለ አበሳ፣
እጅ መንሻ።
«ይቅር» አልኳት፤ ራሴን ነቀነቅሁ፤
አንገቴ ጮኸ።

ሐምሌ ላይ ሜትር ይዤ ሂርማታ ሄድኩ፤
ክፍሉ ሃያ ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፤
ደግሜ ለካሁ፤ ያው ይጎድላል፤ ጻፍኩ።
ግድግዳ አስፈርሳ አስገፋች፤ መቀርቀሪያውን በመዶሻ
ነቀለችው፣ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈነች፣ ዱካው እንኳ እንዳይቀር ማስታወሻ።
ከሆስፒታል የመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ አቶ ተካልኝ፣
መጽሐፍ ሊጠይቃት አስቦ ነበር፤
ጥያቄውን ትቶ የራሱን ወገብ አስያዛት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ነበር።
ከዚያ ተነስቶ ሁለት መስመር ጻፈና፣ ቀና ብሎ ሄደ።

ፈቃዱን ጳጉሜን ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤
ፈርሜ ደግሞ እሷ አልጋ ላይ ልተኛ? ሰው ምን ይለኛል? ማንስ ያምነኛል?
ዘንድሮ አራተኛ እድሳቷ ነው።
ተራዋን ትጠብቃለች፤ ዣንጥላዋን ታራግፋለች፤
አንገቴን ታያለች፤ ምንም አትልም።
ማኅተሙን አነሳለሁ፣ ወረቀቱ ላይ አሳርፈዋለሁ፤
ቀጭ ይላል።
አንገቴ ግን ከቤቱ እንደ ወጣ ነው።