አገናኝ

የካቲት ነው ቱርኩ፤ ወንዙ የበረዶ ቆዳ ለብሷል፣
የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ጠጠር አርፏል።
ራይሊ ጋዜጣ አንጥፋ፣ ኮምፒውተሩን በጎኑ
አጋደመችው ጠረጴዛ ላይ፤ አሥራ ስድስት ነው ዘመኑ።
ሲገዛ ብርቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ማለዳ ማለዳ
እንደ ጡረተኛ ያስላል፣ እስኪነሣ በስንት ፍዳ።

ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የሬይድ ካርዷ ነው ጩኸቱ፣
ሁለት ዲስክ ልታስተዳድር የተሰካችው ከደረቱ፤
አንዱ የጻፈውን ፊደል ሌላው ወዲያው እንዲጽፍ፣
የቀኙ ጓንት ሲጠለፍ የግራውም እንዲጠለፍ፣
አንዱ ቢሞት ባንዱ ላይ የሹራብ ንድፏ እንዲተርፍ።

አሁን ባትሪዋ አብጦ፣ ማታ የምታውቀውን
ጠዋት እንደ አዲስ ትቆጥራለች፣ ልጆቿን ሁለቱን፤
«አንዱ አለ… ሌላውም አለ…» በጥቁር ስክሪን ላይ ጽፋ፣
ትጮሃለች ሲጥ ሲጥ ሲጥ፣ የሚሰማት ሰው ሲጠፋ።

የጎረቤቷ ልጅ ኦኒ፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ፣
«አውጪያት» አላት ትናንትና፣ ኬኩ አፉ ውስጥ እንዳለ፤
«ማዘርቦርዱ ዲስኩን ያውቃል፣ ባንድ ኬብል ተቀጣጥሎ፤
በዚህ ዘመን ማን ይኖራል ያገናኝ ደጅ ጠንቶ ውሎ?»

አገናኝ።
ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

ቅጂውን በፍላሽ አኑራ ከስኳር ቆርቆሮው ኋላ፣
የመብራት ገመዱን ነቅላ፣ የሱፍ ካልሲዋን አውልቃ ጥላ፣
(በክረምት ሱፍ መብረቅ ያዝላል፤ ጣት ሲነካ ይገድላል)
የማሞቂያውን ቧንቧ ጨበጠች፤ ብረት ቁጣን ያበርዳል።

አንዲት ብሎን ብቻ ነበረች። የአሥራ ስድስት ዓመት አቧራ
ለስልሶ እንደ ድመት ጠጉር፣ ተኝቷል ከካርዷ ጋራ።
ሁለቱን ኬብል መዘዘች፤ ቀይ ናቸው።
ያኔም ቀይ ነበሩ።

ያኔ በናውቮ ደሴት፣ ከፖስታ ቤቱ ሰገነት፣
ስልከኛ ነበረች ራይሊ፣ በሃያ አራት ዓመት ወጣትነት፤
ቀይ ገመድ ከዚህ ነቅላ፣ እዚያ ቀዳዳ ሰክታ፣
አዋላጅን ከምጥ ደጅ፣ አሣ አጥማጅን ከነጋዴ አገናኝታ፣
ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን በሌሊት እንዳለቀሰ
ታውቃለች፤ ከአፏ ግን አንድም ቃል አልፈሰሰ።

አንድ ሰኞ ከከተማ መጥተው ግራጫ ሳጥን ገጠሙ።
ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ፤ ሰዎች «ሃሎ» ተባባሉ፣ ተሰማሙ።
ማንም «ራይሊስ?» አላለም፤ መስመሩ እንኳ አልተንጫጫ፤
ደረጃውን ወረደች፣ በእጇ አንድ የቀኝ ጓንት ብቻ።

ካርዷን በጠርዟ ይዛ፣ ነቅነቅ አደረገቻት በዝግታ፤
መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች፤ ኋላ ወጣች ተረታ።
የጥርሷ ረድፍ ወርቅ ነው፤ ዛሬም አልደበዘዘ፤
ሰሙ ነው ቀልጦ ያለቀው፣ ሥራ ነው የቀዘቀዘ።

አንዱን ዲስክ ከማዘርቦርዱ በቀይ ኬብል አዛመደች፤
ትንፋሿን ውጣ፣ ማብሪያውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች።

ተነሣ።
ሳይቆጥር፣ ሳያፏጭ፣ ሳይስል፤
በአሥራ አንድ ሴኮንድ፣ ጣቷ ገና ከማብሪያው ሳይነሣ።
ንድፎቿ ተራ በተራ ተሰለፉ፤
ካልሲው አለ፣ የሕፃን ቆቡ አለ፣ ጓንቱ ከነጓደኛው አለ።
የጎደለ የለም።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር።
ስልኳ ላይ ኦኒ «ሠራ?» ብሎ ጻፈ።
«ሠራ» አለችው። ሌላ ምን ትበለው?

ገበያው በር ላይ የአሮጌ ዕቃ መጣያ አለ፤
ካርዷን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ እስከ በሩ ሄደች፤
ከዚያ ተመለሰች።
ወርቁን በላጲስ ወለወለችው፣ ለማንም ላይጠቅም፤
የታችኛውን መሳቢያ ስባ፣ ብል ከቀመሰው ጓንት ውስጥ አስገባቻት፤
ካርዷ ከነጥርሷ ልክክ አለች።

ባትሪዋን ግን ነቅላላታለች።
ያበጠ ነገር አያስተኛም።