ሁለቴ መርገጥ

አያ ይመር ፊያቷን ኮምቦልቻ ድረስ
ነድቶ አመጣት ሐሙስ፣ ጉም ሐረጎን ሲያለብስ።
መውረዱንስ ወረደ፤ ቁልቁለት ማን ፈርቶ፤
ሽቅቡ ነው እንጂ የሚቆይ አፉን ከፍቶ።
ቀኝ እጁ ደክሟል፤ ካምናው ክረምት ወዲህ
ጣቱ አይጨብጥለትም፣ ሲፈልገው እንዲህ።
አንደኛን ሲያስገባ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል፤
ደሴ ሰኞ ገበያ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤
«ይመር መጣ» ይላል፣ ቀና ሳይል እንኳ፣
ሽንኩርት እየመዘነ፣ እያሰረ ከረጢት።

«አንች ሰዓዳ» አለኝ፣ «ቶርኖ ታዣለሽ፤
ይችን እልኸኛ ካምቢዮ ታለዝቢልኛለሽ?»
«አብሽር» አልኩት።

ካምቢዮው ወረደ፤ ተዘረገፈ ጓዳዋ፤
የብረት ብናኝ፣ ጥቁር ዘይት፣ የስንት ዘመን ዕዳዋ።
በሽታው ግን መጀመሪያ እዚያ አልነበረም፤
ከመሪው ሥር የሚወርደው ዘንግ ቦኮላው አልቆ፣
እጁ አንድ ስንዝር ሲገፋ ግማሹ መንገድ ላይ ቀልጦ
ማርሹ ዘንድ የሚደርሰው ጭላጩ ነው።
ስንቱ ጉልበት እንዲህ ለክፍተት ሲገብር ኖረ!

ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ የተጣለ የእንፋሎት መክፈቻ ነበረኝ፤
ነሐሱን ቆርጬ፣ አስሬ፣ አሾርኩት፤
ትኩስ ፍቅፋቂው ጫማዬ ውስጥ እየገባ
ቦኮላ ወጣለት፣ ፀጉር የማያስገባ።
እጀታውን አራት ጣት አስረዘምኩት፤
ረጅም እጀታ ለደካማ እጅ ብድር ነው፤
ሸክሙ ይቀላል፣ መንገዱ ይረዝማል፤
ሁለቱንም ማን በነፃ ሰጥቶ ያውቃል?

ማርሹን የምትይዘዋን ብይ ከሥር የሚገፋት ሞላ
ጠንካራ ነበር፤ ለዘብ ባለ ተካሁት፣ በሌላ።
አበዛሁት። በርበሬ ወንዝ ድልድይ ሳንደርስ
ሦስተኛው ዘሎ ወጣ፤ አያ ይመር ዝም ብሎ አየኝ።
ሐረጎ ላይ ቢሆንስ? ሌሊቱን አልተኛሁም፤
ንጋት ላይ የድሮውን ሞላ መለስኩለት፣
አንድ ጥምዝ ብቻ ቀንሼ።

ትልቁ ሥራ አንደኛው ነው። የሠሯት ሰዎች
ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ቀለበት ሲያድሏት
አንደኛን ያለ ሽማግሌ ነው የተዉት።
ቀለበቱኮ ሌላ አይደለም፣ የነሐስ ሽማግሌ ነው፤
ከሚሮጠውና ከሚዘገየው መሐል ገብቶ
አንዱን ያዝ፣ አንዱን ገፋ አድርጎ፣ ፍጥነት ለፍጥነት አስታርቆ
«በሉ አሁን ግቡ» የሚል።
ሁለት ቀለበት አበላሸሁ። ሦስተኛው
ሾጣጣውን ሲነካ ያዘ፣
በብርጭቆ አፍ ላይ እንደሚዞር እርጥብ ጣት።

ቅዳሜ ወጣን፤ ሐረጎ ጀመረ።
አይሱዙ ከፊታችን እየተጎተተ፣
ሁለተኛው ደክሞ ሞተር እየሞተ፣
«አሁን!» አልኩት። መሐል ዳገት፣ ሳትቆም፣
አንደኛ ገባለት፤
ያለ ጩኸት፣ በሁለት ጣት።

እግሩን ግን አየሁት።
ረገጠ። ለቀቀ። ባዶው ላይ ቆም አለ።
እንደገና ረገጠ።
«አያ ይመር፣ ሁለቴ መርገጥ እኮ ቀረ፤
ቀለበቱ ይሠራዋል፤ እግርህን አሳርፈው።»
ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ሳቀ።
«ሰው ቤት ስትገቢ በሩ ክፍት ቢሆንስ
ሰላምታ ሳትሰጪ፣ መልሱን ሳትጠብቂ ትዘልቂያለሽ?
ይችም ቤቷ ነው።»
ምን ልመልስ? ጉልበቱን ለክቼ ነበር፣ ክፍተቱን ለክቼ፤
ይህን በምን ልለካው።

ደሴ ገባን። ሰኞ ገበያ ስንደርስ
ቀና ያለ የለም። ሽንኩርት ይመዘናል፣ ከረጢት ይታሰራል።
«ይመር መጣ» የሚል ጠፋ።
ግራ ቀኙን አየ። ጥሩንባውን ተጫነ፤
ዝም። ደግሞ ተጫነ፤ ዝም።
ለካ ከሞተ ቆይቷል፤
እስከዛሬ ማርሹ ነበር የሚጮህላት።

ወደኔ ዞረ።
«ሐሙስ» አለኝ።