አንድ ሰው ተርፏል

ቫልዲቪያ ዝናብ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም
ቆርቆሮው ሲያወራ ዝም የሚል ቤት የለም።
በወንዙ ዳር ቆሟል ቀዩ የእንጨት አዳራሽ፣
የበጎ ፈቃድ ሰፈር፣ የእሳት አደጋ ደራሽ።
ደመወዝ የላቸው፤ ቀን ዳቦ ጋጋሪ፣ ጀልባ ጠጋኝ፣ ነጋዴ፣
ሌሊት ጡሩምባው ሲጮህ፣ ሱሪ በአንድ እግር፣ ሩጫ በአንዴ።
ክፍያቸው አንድ ነው፦ ከመዝገብ ላይ መስፈር፣
ሃያ ዓመት ላልቀረ ጥብጣብ ቢጤ ደረቱ ላይ ማሠር።

መዝገቡን የያዘው ኤሊሴዎ ነው፤ ሰባ አንድ ሞልቶታል፣
እርሳሱን በምላስ ያርሳል፣ በመነጽሩ አናት ያያል፣
ስም የሚጠራው ቆሞ ነው፤ ተቀምጦ መጥራት ነውር ይመስለዋል።

አምና ያስና መጣች፣ የጋጋሪው ልጅ፣ ኮምፒውተር የተማረች፣
አዝራር የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ከካርቶን ዘረገፈች።
«ብሉቱዝ ናቸው» አለች። «ከቁልፋችሁ ጋር እሰሩት፤
በሩ ላይ ሰሚ ሰቅያለሁ፤ ስታልፉ ይሰማል፣ አትንኩት።»
እውነትም ነገሩ ገራሚ ነው፤ ሳይሰለች፣ ሳይተነፍስ፣
በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል፣
ጠያቂ ኖረ አልኖረ፣ ባትሪውን እስኪጨርስ።

የመጀመሪያው ወር ሰመረ። በሁለተኛው ወር ላይ
ኔስቶር ቁልፉን ሎከር ውስጥ ትቶ፣ ሳልሞን ሊያጠምድ ከወንዝ ላይ፤
ማያው «አለ» አለ።
ሰውየው ቀረ፣ አዝራሩ ቀረ፣
አንዱ ከስብሰባው፣ አንዱ ከሎከሩ፤
ቀሪ የተባለ ግን ማንም አልነበረ።

ደግሞ በሐምሌ ሌሊት የገመድ መጋዘን ነደደ፤
ማን ቁልፍ ያስታውሳል? ሁሉም እንዳለ በረረ፣ ወረደ።
አዳራሹ ወና፣ በሩ ወለል፤ ማያው አሥራ አራት ሰው ቆጠረ፤
ጢሱ ውስጥ ኤሊሴዎ በደረቀ ጉሮሮው ስም ሲጠራ አደረ፦
«ኔስቶር!»
«አለሁ!»
«ኦፌሊያ!»
ሳል።
«ሳል አልመዘግብም፤ በአፍሽ መልሺ!»
«አለሁ፣ አለሁ፣ ምን ልሁን!»

አልተኮራረፉም። ያስና ሰሚውን ከመኪናው ሰቀለች፣
አዝራሩን ከየራስ ቁሩ ለጠፈች፣ ያጎደለችውን አረመች።
አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት።
በየወሩ መጨረሻ፣ ከሰው ሁሉ በፊት፣ አንድ ስም ይጠራል፦
«ባውዲሊዮ ካርካሞ!»
የእንጨት መሰንጠቂያው ሲነድ ገብቶ የቀረው።
ቤቱ በሙሉ ይነሣና በአንድ ድምፅ «አለ!» ይላል።
ማያው ግን ዝም ይላል።

«ከፎቶው ጀርባ ልለጥፍለት?» አለች በቀስታ።
ሽማግሌው ቶሎ አልመለሰም፤ የመነጽሩን ክር ፈታ።
«አይ ልጄ። የእኛን አዝራሩ ይናገር፤ እሱ ቢዘነጋ እንኳ አለን።
ባውዲሊዮን ግን ዕቃ 'አለ' ካለልን፣ እኛ ዝም እንላለን።»

ስለዚህ ማያው አሥራ ስምንት ይላል፣ እርሳሱ አሥራ ዘጠኝ።
ሁለቱም ቁጥር ሳንቲያጎ ይሄዳል፤
እዚያ ደግሞ ለአንዲት ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አይጠፋም።
በግንቦት ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተሙ ክብ፣ ቃሉ ደረቅ፦
«መዝገባችሁን ከመሣሪያው ጋር አመሳክረናል።
አንድ ሰው ተርፏል።
ይጣራ።»

ኤሊሴዎ ቆሞ አነበበው።
ከዚያ ተቀምጦ አነበበው።
እርሳሱን አላነሣም።
መሰንጠቂያው ከነደደ ማግስት ጀምሮ፣ ስንት ክረምት ሙሉ፣
ይህን ጽፎ የላከለት መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ወረቀቱን አጣጥፎ ከፎቶው ጀርባ ሸጎጠው።
ቆርቆሮው ያወራል።
ለመጪው ወር አዲስ ገጽ ገለጠ፤ በማስመሪያ፣ አንድ በአንድ፣
አሥራ ዘጠኝ መስመር አሰመረ።